ሳይጠሩት አቤት

እቴቴ የደወለችው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ዘጌ ሰው በጊዜ ነው የሚነሳው። እሷ ደግሞ ዓለም ሁሉ እንደሷ የተነሳ ይመስላታል።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ድምፅህ?»

«አልተኛሁም እቴቴ። ባግ ስፈልግ አደርኩ።»

ትንሽ ዝም አለች። «የማን በግ ነው የጠፋው?»

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ፣ ላፕቶፕ ታቅፎ ያደረ ሰው ለዚህ ምን ይመልሳል? ባግ ማለት የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ያለ ስህተት ነው አልኳት። «ታዲያ አገኘኸው?» አለች። አላገኘሁትም። «እንግዲያው ጅብ በልቶታል» ብላ ወደ ራሷ ጉዳይ ገባች። ጌሾና ቡና ልትልክልኝ ነው፣ በጀልባ። ቀኑን ደውላ ትነግረኛለች።

ጅብ ቢበላው እንዴት ደስ ባለኝ። ያንን ባግ ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው። ፕሮግራመር ያልሆነም ሰው እንዲከተለኝ እሞክራለሁ። ፕሮግራመር የሆናችሁ ደግሞ የምታውቁት ቦታ ላይ ስንደርስ ዘለል አድርጉት፣ አልቀየምም።

እዚህ ባሕር ዳር ለወጣቶች ፕሮግራሚንግ ለሚያስተምር አንድ ማሰልጠኛ እሠራ ነበር። ሥራዬ ማስተማር አይደለም። ተማሪዎቹ የሚያስገቡትን የቤት ሥራ የሚያርም ፕሮግራም መጻፍ ነው። ተማሪው በሲ ቋንቋ የጻፈውን ይልካል፤ የኔ ፕሮግራም ያስኬደዋል፣ ውጤቱን ያያል፣ ነጥብ ይሰጣል። ስሙን «ዳኛው» አልነው።

ነጥብ መስጠቱ ቀላሉ ክፍል ነው። የማታውቀው ሰው የጻፈውን ኮድ ሰርቨር ላይ ማስኬድ ግን፣ የማታውቀውን እንግዳ ቤት ውስጥ ከነቁልፉ ትቶ እንደመውጣት ነው። ስለዚህ ዳኛው የተማሪውን ፕሮግራም በዓይኑ ይከተለዋል። ፋይል መክፈት፣ ሚሞሪ መውሰድ፣ አዲስ ፕሮሰስ መፍጠር፣ ይሄ ሁሉ በከርነሉ በኩል ነው የሚያልፈው። ፕሮሰስ ማለት እየሮጠ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ከርነል ማለት ደግሞ ከሁሉም ሥር ያለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ፕሮግራሙ «ይህን ፋይል ክፈትልኝ» ብሎ ወደ ከርነሉ ሲሄድ ዳኛው መንገድ ላይ ያስቆመዋል። ያያል። ከፈቀደ ያሳልፈዋል።

ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ይህን የሚያስችለው ፒትሬስ የሚባል ጥሪ ነው። ሽማግሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ስድስተኛው የዩኒክስ (የሊኑክስ አያት) እትም ውስጥ ነበረ። ጂዲቢ አንድን ፕሮግራም መሃል ላይ አስቁሞ ሆዱን የሚያሳየን በሱ ነው። ኤስትሬስ አንድ ፕሮግራም ከከርነሉ ጋር የሚነጋገረውን ቃል በቃል የሚዘረዝርልን በሱ ነው። ጠለቅ ብሎ የሠራበት ሰው በፍቅር ሲያወራለት ግን ሰምቼ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ፕሮሰስ ሌላውን ይይዛል። የተያዘው አንድ ነገር ሲገጥመው፣ ሲግናል (በከርነሉ በኩል የሚመጣ አጭር ማሳወቂያ) ሲደርሰው፣ ወደ ከርነል ሲገባ፣ ልጅ ሲወልድ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያዡ ዌይትፒድ በሚባል ጥሪ «ማን ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል። ከርነሉ የቆመውን ቁጥርና ምክንያቱን ይነግረዋል። ያዡ የሚያየውን አይቶ «ቀጥል» ይለዋል። «ቀጥል» እስኪባል ድረስ የተያዘው ንቅንቅ አይልም። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ።

ችግሩ የጀመረው ፎርክ የተማሩ ዕለት ነው። ፎርክ አንድ ፕሮሰስ ራሱን ቀድቶ ልጅ የሚወልድበት ጥሪ ነው። የቤት ሥራው የጀማሪ ነበር፦ ልጅ ውለድ፤ ልጁ ቁጥር ይደምር፤ ወላጁ ጠብቆት ውጤቱን ይጻፍ። ማስረከቢያው እሑድ ማታ 4 ሰዓት። እስከ 2 ሰዓት ሰላም ነበር። ከዚያ ተማሪው ሁሉ እንደ ልማዱ በመጨረሻዋ ሰዓት ግልብጥ ብሎ መጣ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አንዱ «ዳኛው ተኛ» ብሎ ጻፈ። አንዷ ደገመች። ከዚያ የሳቅ ምስል ብቻ ሆነ።

የተላከውን ኮድ ወስጄ ላፕቶፔ ላይ አስኬድኩት። ሰከንድ ሳይሞላ 10 ከ10። እነሱም እንደገና ሲልኩት ያልፍላቸዋል። ሰው የሚያናድደው እንዲህ ዓይነቱ ነው። ሁሌ የሚበላሽ ነገር ይሻላል፤ ቢያንስ አቋም አለው።

ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ፕሮሰሶቹን ዘረዘርኩ። ልጁ ፕሮሰስ ፊት ለፊት ትንሿ ቲ ተቀምጣለች። ትልቋ ቲ ብትሆን ሲግናል አስቁሞታል ማለት ነው። ትንሿ ስትሆን ያዡ አስቁሞታል ማለት ነው። ወላጁ ልጁን እየጠበቀ ነው። ልጁ «ቀጥል» እስኪባል እየጠበቀ ነው። ዳኛው ደግሞ «ማን ቆመ?» ብሎ ከርነሉን ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው። ሦስቱም ጨዋ ናቸው። ማንም ማንንም አይረብሽም።

የጊዜ ገደብ አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ፣ 2 ሰከንድ። ግን የምቆጥረው ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩን የተጠቀመበትን ጊዜ እንጂ የእጅ ሰዓት አይደለም። የቆመ ፕሮሰስ ፕሮሰሰር አይነካም። ሌሊቱን ሙሉ ተገትሮ ቢያድር የተጠቀመው ጊዜ ዜሮ ነው። ይሄኛው ጥፋት የብቻዬ ነው፣ ሰበብ የለኝም።

አለቃዬ «ለጊዜው በየ10 ደቂቃው ሪስታርት አድርገውና እንተኛ» አለኝ። አደረግሁት። እሱ ተኛ።

በማግስቱ ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ። ዳኛው ሲተኛ ጠብቄ የቆመውን ልጅ ፕሮሰስ በኤስትሬስ ልይዘው ሞከርኩ። ከርነሉ «አይፈቀድልህም» አለኝ። ሩት ሆኜ ነው እኮ፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ! ከሩት በላይ ማን አለ? ለትንሽ ደቂቃ ሰርቨሩ የተሰበረ ሁሉ መሰለኝ። ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ፦ አንድ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ አንድ ያዥ ብቻ ነው የሚኖረው። ዳኛው ይዞታል። ሁለተኛ ሰው አይገባም፣ ሩትም ቢሆን።

የቀረኝ ዳኛውን ራሱን መያዝ ነው። ይሄ ይቻላል፤ ዳኛውን ማንም አልያዘውም። ኤስትሬስ ለጠፍኩበትና ያንኑ የቤት ሥራ 1,000 ጊዜ አስኬድኩት። አንድም ጊዜ አልተኛም። ኤስትሬስን አነሳሁት። 60 ሳይሞላ ተኛ። መልሼ ለጠፍኩት። ነቃ፣ ሠራ፣ ሰው ሆነ።

ባጃጅ ያለው ሰው ይሄን በሽታ ያውቀዋል። ሳምንቱን ሙሉ ሲንኳኳ የከረመ ባጃጅ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ሜካኒኩ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ብሎ አንተን ያይሃል። ያ አስተያየት ነው ከሁሉ የሚከፋው።

በኛ ሙያ ሃይዘንባግ ይሉታል። ቨርነር ሃይዘንበርግ ከሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ስም የተሠራ ቀልድ ነው፤ ልታየው ስትጠጋ የሚጠፋ ባግ ማለት። ተአምር ግን የለበትም። ኤስትሬስ የሚከታተለውን ፕሮሰስ በእያንዳንዱ ሲስተም ኮል (ወደ ከርነሉ በሚያደርገው ጥሪ) ሁለቴ ያስቆመዋል፤ አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ሲወጣ። ስለዚህ ዳኛው ከወትሮው ይንቀራፈፋል። በመንቀራፈፉ ብቻ ከዳነ፣ በሽታው የሰዓት በሽታ ነው። እዚህ ላይ የባጉ ዘር ታወቀ።

ሬስ ኮንዲሽን ይባላል። «የሽቅድምድም ችግር» የሚል ትርጉም ሰምቼ አውቃለሁ፣ ግን አልወደውም። ሽቅድምድም ላይ ሯጩ መሮጡን ያውቃል። ተመልካቹም ማን ይቀድም ይሆን ብሎ አንገቱን ያሰግጋል። እዚህ ማንም አልተሽቀዳደመም። ሁለት ነገሮች በየመንገዳቸው ይመጣሉ፣ አንዱ ይቀድማል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያኛው ነው የሚቀድመው ብሎ ልቡን አሳርፎ ተቀምጧል። እኔ «መቀዳደም» እለዋለሁ። የተሻለ ካላችሁ ንገሩኝ።

ዘሩ ታወቀ ማለት ግን ጥፋተኛው ታወቀ ማለት አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ ከርነሉን ስከስ ነበር። እውነት ለመናገር ክሱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፒትሬስ ያደረበት ቤት ብዙ ዕቃ ጠፍቷል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታወቀውን ውሰዱ። ያኔ ከርነሉ አንድ ሞጁል፣ ማለትም ሲፈለግ ብቻ የሚጫን የከርነል ቁራጭ፣ ሲያስፈልገው ሞጁሉን የሚጭን ልጅ ፕሮሰስ ይወልድ ነበር። ልጁ የሚወለደው ሞጁሉን ባስፈለገው ተራ ተጠቃሚ ስም ነው። የሩትን ካባ የሚደርበው ትንሽ ቆይቶ ነው። በዚያች «ትንሽ ቆይቶ» ውስጥ ተጠቃሚው ልጁን በፒትሬስ ከያዘው አለቀ። ልጁ ካባውን ሲደርብ እንደተያዘ ይደርባል። ያዡም የፈለገውን ኮድ ያስገባበታል። የ2.2ም የ2.4ም ከርነሎች ይሄ ቀዳዳ ነበረባቸው።

እኔ በጣም የምወደው ግን የ2013ቱን ነው፤ በደህንነት ቀዳዳዎች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2013-0871 ይባላል። «የምወደው» ስል ክፉ አይምሰላችሁ፣ ሐኪምም የሚወደው በሽታ አለው። ነገሩ እንዲህ ነው። ያዡ የቆመ ፕሮሰስ ሬጅስተሮች (ፕሮሰሰሩ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ማስቀመጫዎች) ላይ ሊጽፍ ይመጣል። ከርነሉ መጀመሪያ «ቆሟል ወይ?» ብሎ ያረጋግጣል። ቆሟል። እሺ፣ ጻፍ። በማረጋገጡና በመጻፉ መሃል ሲግኪል ቢመጣስ? ሲግኪል ግደል ነው፤ ቆሞ የነበረውንም ቀስቅሶ ወደ ሞቱ ይነዳዋል። ያዡ ግን ቆሟል ተብሏልና መጻፉን ይቀጥላል። የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ የዚያው ፕሮሰስ የከርነል ስታክ ነው፣ ከርነሉ ለሱ ሲሠራ የሚጠቀምበት የሚሞሪ ቦታ። ባለቤቱ ተነስቶ እየሄደበት ያለ ስታክ። ተራ ተጠቃሚ በዚህች ክፍተት የሩት ሥልጣን ማግኘት ይችል ነበር። የከርነል ፕሮግራመሩ ኦሌግ ኔስቴሮቭ የጻፈው ማስተካከያ ቁም ነገሩ አንድ ነው፦ ያዡ እጁን ከማስገባቱ በፊት የቆመው ይቆለፋል፤ ሲግኪል ቢመጣ እንኳ ያዡ እስኪጨርስ ይጠብቃል። በ3.7.5 ከርነል ላይ ወጣ።

የ2016ቱን ደርቲ ካው የሚባለውን ቀዳዳ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ለብዙ ዓመታት ከርነሉ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ መቀዳደም ነበር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ከዚያ 11 ዓመት በፊት ሊያስተካክለው ሞክሮ እንዳልተሳካለት ማስተካከያው ላይ ጽፏል። እሱ ካመለጠው እኔን ቢያመልጠኝ ማን ይፈርድብኛል ብዬ ራሴን ያጽናናሁበት ሌሊት አለ።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ ድሮ ተዘግተዋል። ሰርቨራችን ላይ ያለው ከርነል ከሁሉም በኋላ የመጣ ነው። የከሰስኩት ሰው በዕለቱ አገር ውስጥ አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ባትሪዬም አለቀ። ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ሐይቁ ወጣሁ። ከደብረ ማርያም ፊት ለፊት፣ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት አካባቢ። አንድ አሳ አስጋሪ ታንኳውን ገልብጦ ደንገሉን ያደርቃል። እዚያ ቦታ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። ጣና የት ላይ ያበቃል? ዓባይ የት ላይ ይጀምራል? ጨራጨራ ያለው ግድብ ጋ ስትደርስ ወንዝ እንደሆነ ጥያቄ የለውም። ራቅ ብለህ ወደ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሐይቅ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ውሃ ግን ሁለቱንም ነው፣ ወይም አንዱንም አይደለም። ካርታ የሚሠራ ሰው አንድ ቦታ ላይ መስመር ያሰምርና ይገላገላል።

እኔም ኮዴ ላይ እንዲሁ አስምሬ ነበር። ከዚህ በፊት ልጅ የለም። ከዚህ በኋላ ልጅ አለ። መሃል የለም።

ያን ዕለት ማታ ዘዴዬን ቀየርኩ። እስካሁን የሚሆነውን ሁሉ ፋይል ላይ እየጻፍኩ ነበር። ፋይል ላይ መጻፍ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ከወሰደ ደግሞ ባጉ ይደበቃል። ስለዚህ ሚሞሪ ውስጥ 4,096 መስመር የሚይዝ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ዳኛው ከዌይትፒድ የሰማውን ወሬ እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ጣል አድርጎ ያልፋል። ሲተኛ ብቻ ሰንጠረዡን አውጥቼ አነባለሁ። ከጎን ደግሞ ፕሮሰሰሮቹን ሁሉ በከንቱ ሥራ ወጠርኳቸው፤ የእሑድ ማታውን ግርግር ለማስመሰል።

በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተኛ። ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ እነዚህ ሁለት መስመሮች ነበሩ፦

4127 ቆመ፤ ምክንያት፦ ሲግስቶፕ።
4126 ቆመ፤ ምክንያት፦ ፎርክ፤ የልጁ ቁጥር 4127።

ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሲግስቶፕ «ቁም» የሚል ሲግናል ነው። 4126 ወላጁ ነው። 4127 ልጁ ነው። በጤነኞቹ ሙከራዎች ሁሉ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ወላጁ «ወለድኩ፣ ቁጥሩ ይሄ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ ልጁ «ይኸው ቆሜያለሁ» ይላል። እዚህ ልጁ ቀድሞ ከተፍ አለ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ኮዴ ለዚህ ምን ይላል? ሄጄ አየሁት። ከስምንት ወር በፊት በገዛ እጄ የጻፍኩት ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «የማናውቀው ቁጥር ነው፣ እለፈው»። ዳኛው አለፈው። «ቀጥል» አላለውም። ከርነሉ አንድን ወሬ አንዴ ነው የሚናገረው፤ ዌይትፒድ ተቀብሎ ከጣለው አይደግመውም። ቀጥሎ የወላጁ ወሬ መጣ። ዳኛው «ኦ፣ 4127 የሚባል ልጅ አለ» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈው። ከዚያ የልጁን የመጀመሪያ መቆም መጠበቅ ጀመረ። የጣለውን ወሬ ነው የሚጠብቀው።

ልጁ እንዴት ሊቀድም ቻለ? የከርነሉን ምንጭ ኮድ ከፈትኩ። ፎርክ የሚፈጸምበት ቦታ ላይ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ተጽፈዋል። መጀመሪያ አዲሱን ልጅ ይቀሰቅሰዋል። ቀጥሎ፣ ያዥ ካለ፣ ለያዡ ይነግራል። እዚያው ላይ ያለችው ማስታወሻም ትመሰክራለች፤ ፎርኩ አልቋል፣ ልጁም መሮጥ ጀምሯል፣ አሁን ለተከታታዩ ንገር ነው የምትለው። ልጁ መሮጥ ጀምሯል! ብዙውን ጊዜ ወላጁ ይቀድማል፣ እሱ ፕሮሰሰር ላይ ነው ያለው። ልጁ ገና ተራ ሊደርሰው ነው። ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ግን ወላጁ በሁለቱ ሥራዎች መሃል ከፕሮሰሰር ላይ ሊወርድ ይችላል። ልጁ በሌላኛው ፕሮሰሰር ላይ ተነስቶ፣ ሮጦ፣ ቆሞ፣ ወሬው ይደርሳል። ወላጁ አሁንም ወረፋ ላይ ነው።

ኤስትሬስ ሲለጠፍ ለምን እንደሚድንም ገባኝ። ዳኛው ሲንቀራፈፍ ሁለቱም ወሬዎች ደርሰው ይጠብቁታል። ዌይትፒድ ደግሞ መጀመሪያ የሚቃኘው የዳኛውን የሥጋ ልጆች ነው፤ በፒትሬስ የተያዙ የልጅ ልጆች የሚቃኙት ቀጥሎ ነው። የተማሪው ፕሮግራም የዳኛው የሥጋ ልጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ የወላጁ ቀድሞ ይነበባል፣ ነገሩም ሰላም ይሆናል። ባጉ የሚወጣው ዳኛው ንቁ ሆኖ ልጁን በር ላይ ሲቀበለው ብቻ ነው። ፈጣን በመሆኔ ተቀጣሁ ማለት ነው።

ማስተካከያው 11 መስመር ነው። ዳኛው የማያውቀው ቁጥር ሲመጣ አያልፈውም፤ «ባለቤት ያልመጣላቸው» የሚል ዝርዝር ላይ ያስቀምጠዋል። በኋላ ወላጁ «ወለድኩ» ሲል መጀመሪያ ዝርዝሩን ያያል። ልጁ እዚያ ካለ ወዲያውኑ «ቀጥል» ይለዋል። ጠቢብ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለማረጋገጥ የጂዲቢን ኮድ ሳይ ልክ እንዲህ ዓይነት ዝርዝር አለው። እኔ ከመጻፌ ከስንት ዘመን በፊት ሰዎች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው፣ ወጥተው፣ ምልክት ተክለው ሄደዋል። የፒትሬስ መመሪያ ገጽም ቢሆን ስለ መቀዳደም በግልጽ ያወራል። ከቆመው ፕሮሰስ ጋር ስትነጋገር እንኳ በሕይወት መኖሩን እርግጠኛ አትሁን ይላል። በደንብ ብናነበው ኖሮ። «ብናነበው» ያልኩት ለብቻዬ እንዳልሆን ነው።

20,000 ጊዜ አስኬድኩት። አልተኛም።

ሥራው ላይ እያለሁ ግን ሌላ ነገር አየሁ፣ ከመተኛቱ የባሰ። ዳኛው ተማሪው ሊከፍት የፈለገውን ፋይል ስም ከፕሮግራሙ ሚሞሪ ላይ ያነባል። ስሙ ደህና ከሆነ ያሳልፋል። ካሳለፈው በኋላ ግን ከርነሉ ያንኑ ስም ከዚያው ሚሞሪ እንደገና ያነበዋል። ፕሮግራሙ ሁለተኛ ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሮጥ ሌላ የሥራ መስመር፣ ካለው፣ በሁለቱ ንባቦች መሃል ስሙን መቀየር ይችላል። ዳኛው «የቤት ሥራ» የሚል አንብቦ ሲፈቅድ፣ ከርነሉ «የመልስ ወረቀት» የሚል አንብቦ ይከፍታል። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። የኮምፒውተር ደህንነት ተመራማሪዎቹ ታል ጋርፊንክል በ2003፣ ሮበርት ዋትሰን በ2007 በደንብ ጽፈውበታል። እንዲህ ዓይነት ዳኝነት ከውጭ ቆሞ በማየት እንደማይሆን ነው የሚያሳዩት። ሴክኮምፕ የሚባለው የሊኑክስ ማጣሪያ የጥሪውን ቁጥሮች ብቻ እንጂ በአድራሻ የተጠቆመ ስም ገብቶ የማያነበውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የፋይል ፈቃዱን ሥራ ከዳኛው ላይ አነሳሁ። ተማሪው የሚሠራበት ክፍል ውስጥ የመልስ ወረቀት የሚባል ነገር ጭራሽ እንዳይኖር አደረግሁ። የሌለ ፋይል ማንም አይሰርቅም። አለቃዬ ስነግረው «ማንም ተማሪ ይሄን አያውቅም» አለኝ። እኔ ተማሪዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከመካከላቸው ሁለቱ በእርግጠኝነት ያውቃሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እቴቴ ደወለች። ጠዋት ኔትወርክ እንቢ ብሏት ነው። «ጌሾውን ልኬዋለሁ፣ በጀልባ፣ ሂድና ተቀበል» አለች። ሄድኩ። ወደቡ ላይ ቆሜ የዘጌውን ጀልባ መጠበቅ ጀመርኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። 10 ሰዓት ሲል ጀልባው መጣ። ሰው ወረደ። ሎሚ ወረደ። እንጨት ወረደ። የኔ ጆንያ የለም።

ዕቃ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያዩኝ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ ልጄ?»

«ከዘጌ የተላከ ጌሾ ነበር፣ አባባ። አልመጣም መሰለኝ።»

«የማን ነው የሚለው?»

ስሜን ነገርኳቸው። በአገጫቸው ወደ ዛፉ ጠቆሙኝ። ከሥሩ ሰባት ስምንት ጆንያ ተደርድሯል። የኔ ከዳር ነው፤ ስሜ በከሰል ተጽፎበታል።

«ጠዋት ነው የመጣ» አሉኝ። «ተቀባይ ሲጠፋ እዚያ ነው የማስቀምጥ።»

እዚያው ቆሜ ሳቅሁ። ብቻውን የሚስቅ ሰው ሲያዩ ትንሽ ራቅ አሉ። ጌሾው መጣ፣ ከዚያ ስልኩ መጣ፣ ከዚያ እኔ መጥቼ የመጣውን ጌሾ ቆሜ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ያልታወቀ ጆንያ ሲመጣ «የማናውቀው ነው፣ እለፈው» ብለው ወደ ሐይቁ አልወረወሩትም። ዛፉ ሥር ነው ያስቀመጡት።

ጆንያውን ባጃጅ ላይ ጭኜ ወደ ሽምብጥ ስመለስ ለእቴቴ ደወልኩላት። ጌሾው ደረሰ አልኳት። ቡናውስ አለች። ቡናውም ውስጡ አለ። ልዘጋው ስል ትዝ አላት።

«ያ በግ ግን ተገኘ?»

«ተገኘ እቴቴ።»

«የት ነበር?»

«ደጃፌ ላይ ቆሞ ነበር። ግባ የሚለው አጥቶ።»

«ታዲያ አንተ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የት ለየት ነበር የምትዞር?» አለችኝ።